ክዳኑ የተቀደደው ቆርቆሮ

ቅዳሜ ከሰዓት

ለአንድ ዓመት ተኩል ልጅ አንድ መጫወቻ ብቻ ምረጥ ብባል ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አነሳለሁ። ባትሪ የሚበላው፣ እያበራ የሚዘፍነው መኪና የሚጫወተው ራሱ ነው፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ያያል። ቆርቆሮ ግን ካልነኩት ዝም ነው።

መጀመሪያ ታጥቦ ይደርቃል። ስሱ የብረት ሽፋን ከተነሳ በኋላ በውስጥ በኩል የሚቀረው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ በወፍራም ፕላስተር ሁለት ዙር ይሸፈን። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ምን ይከተትበት? እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሃይላንድ ክዳን ነው። እሱ ግን ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው መለኪያ የሶፍት መሃል ካርቶን ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ከማርማላታ ብልቃጥ የወጣ፣ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክዳን ጥሩ ነው። የካልሲ ኳስም ይሆናል፤ የሰፈሩ ኳስ ታናሽ ወንድም በሉት፣ ተሰፍቶ እንዳይፈታ ብቻ።

ዓመት ለሞላው ልጅ ቆርቆሮው ያለ ክዳን ይቀርባል። መክተት፣ መገልበጥ፣ እንደገና መክተት። መገልበጡን እንደ ጥፋት የሚያይ አለ፤ የጨዋታው ግማሽ እኮ እሱ ነው። ይህ ሲቀለው የፕላስቲክ ክዳኑ መሃል ከኳሱ ትንሽ ጠበብ ያለ ክብ ቀዳዳ ይወጣለታል፣ ኳሱን በጣቱ ገፍቶ እንዲያስገባ። ቀጥሎ በሌላ ክዳን ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ፦ የብልቃጡ ክዳን በጠፍጣፋው አይገባም፣ ልጁ አንጓውን ማዞር አለበት። በኋላ ማንኪያ ሳይደፋ አፉ የሚያደርስበት፣ ቁልፍ የሚያዞርበት እንቅስቃሴ ይኸው ነው። ሲገባለት ደግሞ ቋ! ይላል፤ ከዚያ በላይ ሽልማት አያስፈልግም።

ቢያቅተውና ቢወረውር ስንጥቁ ጠቦታል ማለት ነው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ማስፋት ነው። አዋቂ እጁን ይዞ ካስገባለት ግን የሚማረው እጁን መዘርጋትን ነው። እስከ አስር ቆጥሮ መጠበቅ ይሻላል (ለእኛ ረጅም ነው፣ ለእሱ አይደለም)። አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ቢነሳም በቂ ነው፤ ማባበል አያሻም።

ባቄላና ሽምብራን ከኩባያ ኩባያ ማስገልበጥ አሁን ፋሽን ሆኗል። በዚህ ዕድሜ አልስማማበትም። ጥራጥሬ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በእርጥበቱ ያብጣል፣ ማውጣቱም ይከብዳል። በምትኩ ሳፋ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ፣ ሁለት ኩባያና አንድ ስፖንጅ በቂ ነው፤ ከሥሩ አሮጌ ፎጣ ይነጠፍ። ትንሽ ውሃም ሕፃን ያሰምጣልና ስልክ ቢጠራ እንኳ አይነሱም፤ ሲያልቅ ሳፋው ወዲያው ይደፋል።

የመጫወቻ ሊጥ ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ይሻላል። በቡና ሲኒ 4 የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ለብ ያለው ውሃ አንድ ሲኒ ተኩል ገደማ፣ ግን ጠብ ጠብ እያለ። በአንዴ ከፈሰሰ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ልጁም ይጠላዋል። ጤፍ አይሆንም፤ ስንዴን የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ይፈረካከሳል። ሁሉን አፉ የሚከት ልጅ ካለ ጨዉ ይቅር፤ ያኔ ሊጡ ስለሚኮመጥጥ በዚያው ቀን ይጣላል። እጁ ላይ ጭረት ካለም ጨው ያቃጥለዋል።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስና፣ የጠርዙ ፕላስተር በምራቅና በላብ ይላላል። ልጁ ከመያዙ በፊት በየጊዜው በጣት ዞር ዞር አድርጎ መዳሰስ፣ ከተነሳ ልጦ በአዲስ መተካት።