የግሪኩ መልእክተኛ ያቆመው ዓምድ

ከሕንዷ ከተማ ከቦፓል የተነሳው ባቡር ሳንቺ ላይ ቆሞ ጎብኚዎቹን ሁሉ አራገፈና እኔን ወደ ቪዲሻ ይዞኝ ቀጠለ። የሳንቺ ስቱፓ፣ ጉልላት መሰሉ የቡድሂስቶች ቅዱስ ሥፍራ፣ ስሙ ከሩቅ የሚጠራ ቅርስ ነው። እኔን ግን ለዓመታት ሲያጓጓኝ የኖረው ከዚያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ ሄሊዮዶሮስ የተባለ የግሪክ መልእክተኛ ያቆመው አንድ የድንጋይ ዓምድ ነበር።

ከጣቢያው ደጅ ያገኘሁት ባለባጃጅ «ሄሊዮዶሮስ» ስለው አልገባውም። «ካም ባባ» ስለው ግን ፊቱ በራ። ካም ምሰሶ ማለት ነው፤ ባባ ደግሞ እኛ «አባባ» እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ዓምዱን እንደ ቅዱስ አባት ሲያከብሩት፣ ቀይ ቀለም እየቀቡ ሲሳሉለት ኖረዋል። እንግሊዛዊው የቅርስ ተመራማሪ አሌክሳንደር ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1877 ሲመጣ ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ ከሥሩ ጽሑፍ መኖሩን አላየም። ጽሑፉ የተገኘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ቀለሙ ሲነሳ ነው። እኔ ለዚያ ቀለም ምስጋና አለኝ፤ ያን ሁሉ ዘመን ፊደሉን ሸፍኖ ያቆየው የእነዚያ ሰዎች እምነት ነውና።

ዓምዱ በአጥር ተከቦ፣ በዝቅተኛ መደብ ላይ ብቻውን ቆሟል። ከታች ስምንት ጎን አለው፤ ከፍ ሲል አሥራ ስድስት፣ ቀጥሎ ሠላሳ ሁለት እየሆነ ሄዶ በመጨረሻ ክብ ይሆናል። አናቱ ላይ እንደ ደወል የተቀረጸ ጉልላት ተቀምጧል። ከዚያ በላይ የነበረው የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ ወፍ፣ የጋሩዳ ምስል ዛሬ የለም።

ጽሑፉ ያለው ባለስምንት ጎኑ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። ያሠራው የዲዮን ልጅ ሄሊዮዶሮስ፣ የታክሲላ ሰው፣ ከግሪኩ ንጉሥ ከአንቲያልኪዳስ ዘንድ ወደዚህ አገር ንጉሥ ወደ ባጋባድራ የተላከ «ዮና» ነው። ሕንዶች ግሪኮችን የሚጠሩት እንዲህ ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት ያዋን የምንለው ስም ዘመድ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 113 ገደማ ይባላል። ታክሲላ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናት፤ ከዚህ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 ወደዚያ አገር የዘለቀው በጦር ነበር። የታክሲላው ገዢ በሰላም ሲቀበለው ሌላው የአገሩ ንጉሥ ፖሮስ ግን በጄሉም ወንዝ ዳር በዝሆኖቹ ተዋግቶታል። ከዚያ መቶ ዓመት ከምናምን በኋላ የባክትሪያ፣ የዛሬው የሰሜን አፍጋኒስታን አካባቢ፣ ግሪኮች የሂንዱ ኩሽን ተራራ ተሻግረው እንደገና መጡና ነገሥታት ሆነው ተቀመጡ። ሄሊዮዶሮስ የሚያገለግለው የእነዚህን ወራሪዎች ዘር ነው። ይሁንና ዓምዱን ለግሪኮች አምላክ ለዜውስ አላቆመም። «የአማልክት አምላክ» ብሎ ለጠራው ለሕንዶቹ አምላክ ለቫሱዴቫ አቆመው፤ ራሱንም የዚያው አምላክ ተከታይ ብሎ አስጻፈ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ድንጋዩን ዞሬ ዞሬ ስፈልግ አንዲት የግሪክ ፊደል ማጣቴ ነው። ቋንቋው የጥንቱ የሕንድ ሕዝብ መነጋገሪያ ፕራክሪት፣ ፊደሉም የጥንቱ የሕንድ ፊደል ብራህሚ ነው። የእኛ ኢዛና አክሱም ላይ ድሉን በግእዝና በሳባ ብቻ ሳይሆን በግሪክም አስጽፏል፤ እንግዳው እንዲያነብለት። እዚህ ደግሞ እንግዳው ራሱ በባለአገሩ ቋንቋ ይናገራል። ለባጋባድራ የሰጠው ማዕረግ «አዳኝ» የሚል ነው፤ የግሪክ ነገሥታት በሳንቲሞቻቸው ላይ ለራሳቸው የሚያስቀርጹት ማዕረግ። የራሱን ጌቶች ክብር አንስቶ ለአስተናጋጁ ማልበሱ ነው።

ከዚህ ሌላ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ወደ ሰማይ የሚያደርሱ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል፦ ራስን መግዛት፣ መስጠት፣ ንቁ መሆን።

ፊደሉን ሳይ ደግሞ ዓይኔ ለመደው። የብራህሚ «ከ» እንደ መስቀል ያለች ምልክት ናት። «ኪ» ለማለት ከአናቷ፣ «ኩ» ለማለት ከእግሯ ትንሽ ጭረት ይጨመርባታል። ከግእዝ ካዕብ እስከ ሳብዕ የቆጠረ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

ጠባቂው አረጋዊ ጣቴ በአየር ላይ ፊደል ስትከተል አይቶ ጠጋ አለ። በተሰባበረ ሂንዲ ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት። በእንጨት አፈሩ ላይ «ለ ሉ ሊ ላ» ብዬ ጻፍኩለት፤ እያንዳንዷንም ጮክ ብዬ አነበብኩ። እንጨቱን ተቀበለኝና ከሥሩ ሂንዲ በሚጻፍበት ፊደል በዴቫናጋሪ እነዚያኑ አራት ድምፆች አሰለፈ፤ ጭረቶቹ የት የት እንደሚጨመሩ አንድ በአንድ እያሳየ። ከዚያ «ካም ባባ ላይ ያለው ግን የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለታችንም ተነስተን ወደ ድንጋዩ ሄድንና «ላ»ን መፈለግ ጀመርን።