መቋሚያውና ግድግዳው፦ ከዘጌ እስከ ጎንደር

ጓደኛዬ ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ለልጆቹ መንፈሳዊ ድራማ የምትጽፈውም እሷ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሄድነው በእሷ ጉትጎታ ነው። «ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ ወንጌልን በሥዕል የተረኩ አባቶች አሉን፤ እንዴት አድርገው እንደተረኩት ቆሜ ማየት አለብኝ» አለች። እኔ ጣናን ለማየት ብዙ ምክንያት አያስፈልገኝም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተከተልኳት።

ጠዋት ጀልባ ተሳፍረን ጣና ዳር ወዳለው ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አመራን። የደንገል ታንኳዎች በአጠገባችን ያልፋሉ። ጀልባ ነጂው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ በሩቅ ለሚታይ ደሴት ሁሉ ወሬ አለው። የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም በእጁ ሲያሳየን ጓደኛዬ ቀና ብላ አየች። እዚያ ሴት አይገባም። ቅር ያላት ግን እዚያ ስላረፈው የነገሥታት አፅም አይደለም፤ ስለ ፍሬ ጽዮን ነው። ፍሬ ጽዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የኖረ መነኩሴ ሠዓሊ ነው። የሣላት የእመቤታችን ሥዕል እዚያ ገዳም ውስጥ አለች። ከጥንት ሠዓሊዎቻችን ስማቸው የደረሰን በጣም ጥቂት ናቸው፤ እሱ አንዱ ነው። ሌሎቹ ሣሉ፣ ሄዱ።

ዘጌ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የቡና ጫካ ነው። እዚህ በበሬ ማረስ፣ ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ ታሪክ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል። እርሻ የሌለው ለዚህ ነው፤ መተዳደሪያው ከበትሩ የበቀለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳንደርስ ትረካው መንገድ ላይ ተቀበለን።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሕንፃው ከውጭ ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን መቅደስ ቆሟል። ሥዕሉ ያለው በዚህ በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ፣ አራቱንም ጎን ዞሮ። በጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። ቅድስት በሚባለው፣ መቅደሱን በሚዞረው ክፍል ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ዓይኑን ቀና ባደረገ ቁጥር የሚያየው እሱን ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል፣ ከዘንዶው ያዳናት ልጃገረድ ብሩታዊት ታያለች። ቀዩና ቢጫው ከሩቅ ይጮኻል።

ያስጎበኙን ካህን በዕድሜ የገፉ ናቸው። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መቋሚያቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉና ከመሃል ጀመሩ። ግድግዳው እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ አይነበብም። የቱ ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ የሚወስኑትም ሰሚውን አይተው ነው። ከእኛ ጋር ነጠላ ያጣፉ እናቶች ገብተው ነበር። ካህኑ እነሱን አዩና በላዔ ሰብእ ላይ መቋሚያቸውን አሳረፉ።

ታሪኩ በተአምረ ማርያም ያለ ነው፤ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በላዔ ሰብእ ባለጸጋ ነበር። ሰይጣን አሳተውና ሰው መብላት ጀመረ። 78 ነፍስ በላ፤ የገዛ ቤተሰቡንም ጭምር። አንድ ቀን መንገድ ላይ በውሃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም አገኘ። ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው። እምቢ አለ። ስለ ጻድቃን፣ ስለ ሰማዕታት አለው። እምቢ አለ። እዚህ ላይ ካህኑ ዝም አሉ። መቋሚያቸውን መሬት አስነኩና ወደ እናቶቹ ዞሩ። «ስለ ማርያም!» አሉ እናቶቹ በአንድ ድምፅ። «እህ፣ ስለ ማርያም ሲለውማ» ብለው ቀጠሉ። እፍኝ ውሃ ሰጠው። በኋላ በላዔ ሰብእ ሞተና ነፍሱ ተመዘነች። 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ እፍኟ ውሃ በሌላ ወገን። ነፍሳቱ ከበዱ። ያን ጊዜ የእመቤታችን ጥላ ውሃዋ ላይ አረፈ፤ ውሃዋ ሚዛን ደፋች።

ካህኑ እዚህ ላይ አበቁ። አንድ ቃል ስብከት አልጨመሩም። መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ሥዕል ሊሄዱ ሲሉ ጓደኛዬ አላስቻላትም።

«አባቴ፣ እፍኝ ውሃ የ78 ሰው ነፍስ ያህላል እንዴ?»

«አንቺ ልጄ፣ ሚዛኑን ብትይዥው ስንት ታደርጊያት ነበር?» አሉና አለፉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በኪዳነ ምሕረት ስም መሆኑን አትርሱ። የካቲት 16 ሲነግሥ የሚነገረው ይኸው፣ በስሟ ለለመነ ምሕረት እንዲደረግ ለእመቤታችን የተሰጠው ቃል ኪዳን ነው። ሥዕሉ እዚህ ግድግዳ ላይ የተገኘው ለጌጥ አይደለም። ግን ደግሞ ግድግዳው ብቻውን ግማሽ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሚዛን፣ አንዲት ጥላ፣ በቃ። ሦስቱን ልመና፣ እምቢታውን፣ ያቺን ዝምታ የሚያመጣው መቋሚያ የያዘው ሰው ነው። «ሥዕል ራሱ ይናገራል» የሚባለውን ነገር ከዚያ ወዲህ አልወደውም። የሚናገር ሰው አጠገቡ ሲቆም ነው የሚናገረው።

ጓደኛዬን ይበልጥ የገረማት ግን ዓይን ነው። በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳም፣ ሰይጣንም፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮችም እንደዚያው ናቸው። ይህን የሰማ ልጅ ማንም ሳያስረዳው ግድግዳው ላይ ማን ምን እንደሆነ ይለያል። ጓደኛዬ ደብተሯን አወጣችና የሰው ፊት በጎን መሣል ጀመረች። ሥዕል አትችልም፤ ድንች የመሰለ ነገር ወጣላት።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ስለ ናርጋ ሥላሴ ተነሣ። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሠዓሊዎቹ የውጭ ነገር ሲያገኙም አይደነግጡም ነበር። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ወደ 1600 ገደማ ከሮም ይዘውት የመጡት የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ የእኛ ሠዓሊዎች እጅ ገብቶ የእኛ ሆነ። ሮም ላይ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም እንዲሁ በጎንደር ዘመን መጻሕፍት ውስጥ ሐበሻ ሆነው ወጡ። ተውሶ የራስ ማድረግ ድሮም ነበረ ማለት ነው። ዛሬ «ይሄ ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ ልጆች በሠሩት ነገር ሁሉ ላይ የሚቆጣ ሰው ይህን ቢያይ ጥሩ ነበር።

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱን በክርክር ጨረስነው። እኔ ያነሣሁት የመንፈሳዊ ድራማዎቻችንን ነገር ነው። መጨረሻቸውን ታውቁታላችሁ። ሰካራሙ ባል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያለቅሳል፣ መዝሙር ከኋላ ይገባል፣ ከዚያ አንድ ሰባኪ መድረክ ላይ ወጥቶ ያየነውን ነገር መልሶ ይነግረናል። ጓደኛዬ ተቆጣች፤ እንደዚህ ያለ ድራማ ጽፋ ታውቃለችና። «ልጆች ካልተብራራላቸው ይሳሳታሉ» አለች። ናታን ለዳዊት የነገረውን አነሣሁባት። ነቢዩ ስለ አንዲት ግልገል በግ ተረከ፤ የፈረደው ዳዊት ራሱ ነው። እሷ ደግሞ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎ አብራርቷል አለችኝ። ልክ ናት። ግን መጀመሪያ ዳዊት እስኪናደድ ጠብቋል። በሉቃስ 15 ላይ ደግሞ የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ውጭ ቆሞ ታሪኩ ያልቃል። ግብዣው ውስጥ ይግባ አይግባ አልተነገረንም። እዚህ ጋ ዝም አለች፤ እኔም ድል እንዳደረግሁ ቆጠርኩት።

የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በውበት ዘጌን ያስንቃል። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ ይህ የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ስላባረራቸው ነው ይባላል። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ክንፍና ትልልቅ ዓይኖች ብቻ። ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴ አሉ፣ ከሥራቸው ስቅለቱ። አንዱ ግድግዳ የጌታና የእመቤታችን ነው፣ ሌላው የቅዱሳንና የሰማዕታት። ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ጣሪያው ዝናውን ሁሉ መውሰዱ ነው። ገቢው ሰው አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ ያያል፣ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ቆሞ «ይሄ ማነው? ምን አድርጎ ነው?» የሚል ጥቂት ነው። እዚያ ያለነው ጊዜ አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገብተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ቆሙ። ልጁ የጠየቀው ስለ ሰማዕቱ አይደለም። «ፈረሱስ ማን ይባላል?» አለ። አያቱ ተጨነቁ። ጓደኛዬ ይህንንም ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ድራማው አሁን ልምምድ ላይ ነው። በላዔ ሰብእን ነው የመረጠችው። የመጨረሻውን ስብከት አውጥታዋለች፤ ሚዛኑ ሲደፋ መጋረጃ ይዘጋል። ዋና ተዋናዩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጎኑ ይቆማል፣ ለተመልካች አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ወደ ሕዝቡ ፊቱን ሙሉ የሚያዞረው ውሃውን ሲሰጥ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ፣ ወንዶቹ በሙሉ ሰው በላውን መሆን ፈለጉ፣ ለምጻሙን የሚሆን ጠፋ። ዕጣ ተጣለ። ሰው በላው የደረሰው ልጅ ደግሞ እናቱ ልምምድ ልታይ በመጣች ቁጥር ይረሳና ገና ሲገባ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ፈገግ ይላል።