አልጎርስ ያለው ጠመንጃ

ደንበኛችን ጠመንጃውን በአንድ እጁ፣ የጥይት ሳጥኑን በሌላው ይዞ ወደ ወርክሾፑ ሲገባ ፊቱን አይቼ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። ለዒላማ ውድድር 200 የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ሞልተን የሰጠነው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ቀለሆቹ የራሱ ጠመንጃ የተኮሳቸው ነበሩ።

«አንዱም አይጎርስም» አለን። «መዝጊያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። አንዱን በመዳፌ መትቼ ባስገባው፣ መልሶ ለማውጣት ፍዳዬን አየሁ።»

ያ «በመዳፌ መትቼ» ያለው እስካሁን ያንገበግበኛል። ባሩድና ማቀጣጠያ ያለበት ጥይት በጉልበት አይገባም። እምቢ ሲል ማቆም ነው። ይህንን ጥይቱን ስናስረክበው ልንነግረው ይገባን ነበር፤ አልነገርነውም።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አረሩን ነው። አረር ከቀለሁ አፍ አብዝቶ ከወጣ በበርሜሉ ውስጥ ካለው ጠመዝማዛ ጥርስ ጋር ይጋጫል፤ መዝጊያውም አይዘጋም። ካሊፐር አንስቼ ለካሁ። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት 70.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍተኛው ልክ 71.12 ነው። የቀለሁም ርዝመት 50.9 ነው፤ ከ51.18 አያልፍም። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። እኔ ግን ጥርጣሬዬን ስላልተውኩ አምስት ጥይቶች ላይ አረሩን ትንሽ ወደ ውስጥ አስጠለቅሁት። ያው ሆነ። ይህ ደግሞ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አረሩ ሲጠልቅ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠብባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ግማሽ ቀን እንዲህ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የወርክሾፑ አንጋፋ ባለሙያ መጡ። ብዙ አልጠየቁም። መዝጊያውን አውጥተው የመምቻውን መርፌ ነቀሉና መዝጊያውን ያለ መርፌው መለሱት፤ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ሳጥን አዞሩ። ከዚያ አንድ ጥይት ወስደው ከአንገቱ እስከ መቀመጫው በጥቁር ማርከር ቀቡት። ቀለሙ ሲደርቅ ቀስ አድርገው አጎረሱት፤ እንቅፋቱ እንደተሰማቸው አቆሙና አወጡት። ጥቁሩ ቀለም አንገቱም ላይ፣ ሆዱም ላይ፣ አረሩም ላይ እንዳለ ነው። ቀለሁ ወደ አንገቱ በሚጠብብበት ትከሻው ላይ ብቻ ዙሪያውን ተፍቆ እንደ ቀለበት የሚያብረቀርቅ ነሐስ ይታያል።

«ትከሻው ነው» አሉ።

ከደንበኛው ጠመንጃ የወጣ ባዶ ቀለህ አምጥተው ከመቀመጫው እስከ ትከሻው ለኩ፤ የሞላነውንም ለኩ። የእኛው በ0.10 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ረዳታችን ወጣት ግራ ተጋባ፤ «ጋሼ፣ ፎርማው እኮ ቀለሁን ያጠበዋል እንጂ አያረዝመውም!» አለ። ፎርማ የምንለው የተተኮሰ ቀለህ ተጨምቆ ወደ ልኩ የሚመለስበትን የብረት ቅርጽ ነው።

«ጭቃ ስትጨብጥ በጣቶችህ መሃል ወደ ላይ ይወጣ የለ?» አሉት። ቀለህ ወደ ፎርማው ሲገባ መጀመሪያ የሚጨመቀው ሆዱ ነው፤ ነሐሱ መሄጃ ሲያጣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ትከሻው ወደ ኋላ የሚመለሰው ፎርማው እስከ መጨረሻው ወርዶ ሲጫነው ብቻ ነው። ሳይደርስበት ከቀረ፣ ፎርማ ውስጥ ገብቶ የወጣው ቀለህ ጭራሽ ካልገባው የባሰ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህንን እኔም እስከዚያች ቀን በውል አላሰብኩበትም ነበር።

መጭመቂያው ዘንድ ሄድን። የፎርማውን ማሰሪያ ዳዶ በጣቴ ነካሁት፤ ተንቀሳቀሰ። ያንን ፎርማ ለሌላ ሥራ ፈትቼ መልሼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የፎርማው ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ቢላላ 0.23 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ደግሞ ትከሻውን ልንመልስ የምንፈልገው በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዳዶውን በዓይኔ አይቼ ጠብቋል ብያለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ ቀለሆች አንዱን እንኳ በጠመንጃው አልሞከርኩም።

ወጣቱ «እንግዲያው ጥይቶቹን እንደተሞሉ ወደ ፎርማው እንመልሳቸዋ» ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። የተሞላ ጥይት ፎርማ ውስጥ አይገባም፤ ማቀጣጠያው ቢተኩስ የሚጎዳው ከፊቱ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ የሁሉንም አረር አንድ በአንድ ነቀልን፤ ሁለት ቀን ፈጀብን። ባሩዱ ዓይነቱ በእርግጠኝነት ስለሚታወቅ ወደ ራሱ ጣሳ ተመለሰ። ፎርማውን በስምንተኛ ዙር፣ ከዚያም ባነሰ እያወረድን፣ አንድ ባዶ ቀለህ እያስገባን በጠመንጃው ሞከርን። ልኩን ሲያገኝ ዳዶውን አጥብቀን፣ ከዳዶው እስከ ፎርማው የሚያልፍ ቀይ መስመር በቀለም አሰመርንበት፤ መስመሩ ከተሰበረ መላላቱ ይታያል።

ደንበኛው ሲመጣ ጥይቱን ከመስጠታችን በፊት ከፊቱ ያስቀመጥንለት ባሩድም ማቀጣጠያም የሌለው መሞከሪያ ነበር። አስገባውና መዝጊያውን በሁለት ጣት ገፋው። ተዘጋ። ከፍቶ አወጣው፣ ደግሞ አጎረሰው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ሳጥኑን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።