ቀዩ አውራ

ደብረ ብርሃን ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የዶሮ እርባታ ተቀጥሬ ስገባ፣ ባለቤቱ ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው ያስረከቡኝ 24 እንቁላል ነበር። ሰማያዊ እንቁላል። እያንዳንዱ ለብቻው በጥጥ ተጠቅልሏል። ከእንግሊዝ አገር ነው ያስመጡት። ወረቀቱን ለመጨረስ ብቻ ወራት እንደፈጀባቸው ነገሩኝና "አደራ" ብለው ወጡ።

ዝርያው ክሬም ሌግባር ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ ሬጂናልድ ፑኔትና ማይክል ፒስ ያዳቀሉት ነው። ሰማያዊው ነገር የመጣው ከቺሊ ዶሮዎች ነው። እዚያው በተፈጠረበት አገር እንኳ አንድ ጊዜ ሊጠፋ ደርሶ ነበር።

ፑኔት የሚለውን ስም ባዮሎጂ የተማረ ሰው አይረሳውም። ያቺ ባለ አራት ክፍል ሳጥን! የአባትን ዘር ከላይ፣ የእናትን ዘር ከጎን ትጽፍና ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ ታወጣለህ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በዚህች ሳጥን ፈተና ላይ ሙሉ ማርክ ነው ያገኘሁት። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ከ24ቱ 7 ብቻ ተፈለፈሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ጫጩቱ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ እንቁላሉም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ውኃውን ቶሎ ይጨርሳል። ማሽኑን 37.5 ዲግሪ ላይ አድርጌ መመሪያውን በቃሌ ይዤ ነበር የምሠራው፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን የኛን አገር ውርጭ አያውቅም። በዚያ ላይ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ዶሮዎቹን የሚንከባከቡት እትዬ "ምነው ለታቀፈች ዶሮ በሰጠሃት ኖሮ" አሉኝ። ሳቅሁ።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ዕለት ግን ተራው የኔ ሆነ። "ይህች ሴት፣ ይህ ወንድ" እያልኩ ለየኋቸው። የዚህ ዝርያ አንዱ ጥሩ ነገር ይኼ ነው፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ደማቅ ጥቁር መስመር አላት፣ ወንዱ ደብዘዝ ይልና አናቱ ላይ ነጣ ያለች ነጥብ አለችው። 5 ሴት፣ 2 ወንድ። እትዬ አላመኑኝም። ሲያድጉ አንድም አልተሳሳትኩም። ከዚያ ወዲህ ዘበኛችን "ዶክተር" ይሉኝ ጀመር፣ እኔም ስሙን ወደድኩት።

የመጀመሪያው ሰማያዊ እንቁላል የመጣው በሁዳዴ እኩሌታ ነው። ለጾም ቀማሽ የለም፤ እየመጣ የሚያየው ግን በዛ። ዘበኛችን ቀለም የቀባሁት መሰላቸው። አንዱን ሰበርኩና ቅርፊቱን አሳየኋቸው፤ ውስጡም ሰማያዊ ነው። ቡናማ እንቁላል ላዩ ላይ ብቻ ነው የሚቀባው፣ ይኼ ግን ቀለሙ ቅርፊቱን ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ቀለሙ ቢሊቨርዲን እንደሚባልና ሐሞት ውስጥ ያለው ዓይነት እንደሆነ ጨመርኩላቸው።

"ሐሞት ያለበትን እንቁላል ደግሞ ማን ይበላል?" አሉና ሄዱ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ተመራማሪዎች የዚህን ቀለም መነሻ ጥንት በዶሮ ዘር ውስጥ ገብቶ የቀረ የቫይረስ ቁራጭ ላይ እንዳገኙት አልነገርኳቸውም።

ፋሲካ ደረሰና መሐል ሜዳ ወደ ቤተሰቦቼ ልሄድ ተነሳሁ። በሁዳዴ የተጠራቀመውን ሰማያዊ እንቁላል፣ ብርቅ ነው ብዬ፣ ለጋሼ ዘመዶች በስጦታ ላክሁት። ሁሉንም! ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ለዘበኛችን "ትርፍ አውራዎቹን ለበዓሉ ይሽጧቸው" አልኳቸው።

ትርፍ ስል ለበዓል ብለን ያደለብናቸውን አሥራ ምናምን የአበሻ አውራዎች ነበር። እሳቸው ግን እንዴት ይወቁ? ሁለቱ ባለ ጉትያ የክሬም ሌግባር አውራዎችም እንቁላል አይጥሉም፣ ይበላሉ፣ ይጮኻሉ። ደግሞ ገብስማ ናቸው። ለበዓል ገብስማ ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ አለ፣ ዋጋም አይከራከርም። ለምን እንደሚፈልገው አለመጠየቅ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ተሸጡ።

ሰኞ ስመለስ ዘበኛችን ብሩን ቆጥረው ሰጡኝ። ደስ ብሏቸዋል። በዚያን ዓመት እንደ ሁለቱ ገብስማዎች ያወጣ አውራ የለም። ሴቶቹ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለውም ከሌላው ቤት አንድ ግርማ ያለው ቀይ አውራ አስገብተውላቸዋል።

ጮህኩባቸው። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ። የትኛው አውራ ምን እንደሆነ የተጻፈው እኔ ደብተር ላይ ብቻ ነበር፣ ደብተሩ ደግሞ ከኔው ጋር መሐል ሜዳ ከርሞ ነው የመጣው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ያለው ሳምንት ነው። ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ ታቆያለች፤ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንትም ፍሬ ያለው እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ቀዩ ገና የሁለት ቀን እንግዳ ነበር። ያኔውኑ አውጥቼው እንቁላሉን ብለቅም ጥቂትም ቢሆን የገብስማዎቹ ልጆች ይገኙ ነበር። ይህንን ተምሬዋለሁ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ሆነው ያለቁ አውራዎች ፍለጋ ገበያ ለገበያ ስዞር ሰነበትኩ። ቀዩም ቤቱን ለመደው።

የተፈለፈሉት ቄቦች ታኅሣሥ ላይ መጣል ጀመሩ። ሁሉም ሰማያዊ! ለጋሼ ደውዬ "ዘሩ ተርፏል" አልኳቸው። እትዬ አንዷን አንስተው አገላብጠው አዩና "ይህች እኮ የቀዩ ልጅ ናት" አሉኝ።

"ዋናው እንቁላሉ ነው፣ እትዬ።"

"እንቁላሉስ መች እንደ ድሮው ሆነ? ሣር ሣር ይላል።"

እውነታቸውን ነበር። ሰማያዊው ላይ ስስ ቡናማ ሲደረብበት አረንጓዴ ያደርገዋል። በሆምጣጤ ቢታሽ ቡናማው ይለቅ ነበር። አላሸሁትም።

እነዚያን እርስ በርስ አራባኋቸው። ጥንድ ጥንድ እያደረግሁም ለአካባቢው ገበሬዎች ሸጥኩ፤ "እንቁላሉ ሁሉ ሰማያዊ ነው" እያልኩ። በመሐል ጫጩት መለየቱም ከሸፈብኝ። ወንድ ያልኳቸው ሦስቱ አድገው እንቁላል ጣሉ። እትዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ የክፍሉን አምፖል ወቀስኩ።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት እናት ከእነዋሪ በኩል መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ እንቁላል ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ቡናማ።

"ልጄ፣ የኔ ዓይን ነው ወይስ ይኼ ነው ሰማያዊ የምትሉት?"

ከሰባት ቄቦቻቸው ሁለቱ እንዲህ ነው የሚጥሉት። ገንዘባቸውን መለስኩ። እሳቸው ሲሄዱ የመኖ ጆንያ ገለበጥኩና ያቺን ሳጥን በከሰል ሣልኳት። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝም። ሰማያዊው ዘር ኃይለኛ ነው፤ ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ብቻ ከደረሰ ይበቃል። ይህን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1933 ያሳየው ራሱ ፑኔት ነው። የድሮዎቹ እናቶች ሁለት ሁለት ነበራቸው፣ ቀዩ ምንም የለውም። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ አንድ አንድ ይዘው ሰማያዊ ይጥላሉ፣ እኔም ስልክ አንስቼ አበሥራለሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ሲራቡ ግን ከአራት አንዷ ባዶ እጇን ትወጣለች። ጥፋቱ አንድ ትውልድ ሙሉ ተደብቆ ነው የወጣው። የአውራው ደግሞ ይብሳል። እንቁላል ስለማይጥል የያዘውን ማንም አያይበትም።

ለጋሼ ስነግራቸው ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ። "አለሁ" አሉኝ። ሌላ እንቁላል የማስመጣት ነገር አልተነሳም።

ከአምስቱ እናቶች አራቱ አሉ። አንዷን ጭልፊት ወስዷታል። የተሻሉትን የቀዩን ልጆች ከነሱ ጋር አራባሁና ከሚወጡት ወንዶች ሦስት መረጥኩ። ከሦስቱ የትኛው ሁለት ሰማያዊ ዘር እንደያዘ በመልክ አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጭ እንቁላል ከሚጥሉ ሌግሆርኖች ጋር ለብቻው አደረግሁት። አንዲት ልጁ እንኳ ነጭ ከጣለች ወድቋል። ሰባት ልጆቹ በሙሉ ሰማያዊ ከጣሉ የመታለል ዕድሌ ከ128 አንድ ነው። ለዚህ ግን 21 ቀን መታቀፍ አለ፣ ከዚያ ቄቦቹ እስኪጥሉ ስድስት ወር ገደማ። በእርግጥ የቀዩ ደም ከዚህ ዘር ውስጥ ጨርሶ አይወጣም። ዝርያውን እንደነበረ መለስኩት ብዬ ለማንም አልናገርም።

አሁን የዶሮ ቤቱ በር ላይ የአውራዎቹ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። እንቁላል የምናስፈለፍለው ለታቀፉ ዶሮዎች እየሰጠን ነው፣ አዛዧ እትዬ ናቸው። የማይሸጡት አውራዎች እግር ላይ አረንጓዴ ክር አለ። ክሩን ያመጡት ዘበኛችን ናቸው፣ ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ "አረንጓዴ ያሰረ፣ ጳጳስ ቢመጣም አይሸጥም።"

አንደኛው አውራ አራተኛዋ ልጁ ላይ ወደቀ። ክሩ ተፈታ። ሁለተኛው አምስት ሰማያዊ አለው፣ ሁለት ቄቦች ይቀሩታል። የሦስተኛው ልጆች ገና አልጣሉም። ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ የገብስማ ፈላጊዎችም መምጣት ጀምረዋል። ትናንት አንዱ በር ላይ ቆሞ በአጥር ቀዳዳ ሁለተኛውን እያሳየ "ያንን ስንት ትሉታላችሁ?" ሲል ሰማሁ።

"እሱ አይሆንም" አሉት ዘበኛችን። "ፈተና ላይ ነው።"