ፒር ዛፉ ላይ አይበስልም

ፒርን ዛፉ ላይ እያለ ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ሲቆርጠው ላዩ ጥሩ፣ መሃሉ ቡናማና ልፍስፍስ ሆኖ ያገኘዋል። የአውሮፓ ፒር ከመሃል ወደ ውጭ ነውና የሚበስለው፣ ቆዳው ሲለሰልስ ፍሬው ውስጥ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ገና ጠንካራ ሳለ ይለቀማል። ሳይጎትቱ ከታች ደግፎ ወደ ጎን ቀና ማድረግ ነው፤ ዘንጉ ከቅርንጫፉ በቀላሉ ከተላቀቀ ደርሷል፣ ካስቸገረ ደግሞ ጥቂት ቀን ይቆይ።

ቀጥሎ ብርድ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ባርትሌት ለተባለው ዝርያ ጥቂት ቀን ይበቃዋል፣ አንዡ የተባለው ግን በ0 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። ብርድ ያላገኘ አንዡ ቤት ውስጥ ቢቀመጥም በወጉ አይለሰልስም፣ ይጨማደዳል እንጂ። ከብርዱ ከወጣ በኋላ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን ይቀመጥ። ለማፋጠን ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ማድረግ ይቻላል፤ ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያበስለዋል። በታሰረ ፌስታል ግን አይሆንም፣ ላቡ ይዞት ይሻግታል።

መብሰሉን ለማወቅ ሆዱን አትጫኑ። አንገቱን፣ ከዘንጉ ሥር፣ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ትንሽ ከሰጠ ዛሬውኑ ይበላል፤ ሆዱ ከለሰለሰ ግን ዘግይታችኋል። ክቡ የእስያ ፒር ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ዛፉ ላይ ይበስላል፣ ሲበላም እንደ ፖም ይንኮሻኮሻል።

ጥርስ ሥር እንደ አሸዋ የሚፈጨው ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ግድግዳቸው እንደ እንጨት የጠነከረ ሴሎች ናቸው፣ ከፍሬው መሃል አጠገብ ይበዛሉ።

ስሙም የራሱ ጉዞ አለው። ላቲኑ አንዱን ፍሬ ፒሩም፣ ብዙውን ፒራ ይል ነበር፤ ጣሊያንና ስፔን ብዙውን ወስደው ለአንዱ ፍሬ ፔራ አሉት። ጀርመኖች ቢርነ ሲሉ ፒሩንም የመብራት አምፖሉንም ነው። በእንግሊዝኛ የቁልቋል በለስ ሳይቀር ‹‹እሾኻማ ፒር›› ይባላል፤ ዝምድና ግን የላቸውም።

ዛፉን ለሚተክል፦ አብዛኛው ዝርያ ብቻውን ጥሩ ፍሬ አይዝምና በአንድ ጊዜ የሚያብቡ ሁለት ዝርያዎች ያስፈልጋሉ። የአበባው ማር ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ንብ የተሻለ ካገኘች ጥላው ትሄዳለች፤ ስለዚህ ዛፎቹን አታራርቋቸው። ኩዊንስ በተባለ የፒር ዘመድ ዛፍ ሥር ላይ የተጣበቀ ፒር አጥሮ ቶሎ ያፈራል፣ ባርትሌት ግን ከኩዊንስ ጋር አይስማማም፤ በመሃል ሁለቱንም የሚቀበል ዝርያ ካልገባ ከመጋጠሚያው ሊሰበር ይችላል።

የናይትሮጅን ማዳበሪያ አታብዙ። ለምለሙን ቀንበጥ ፋየር ብላይት የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ይወደዋል። ጫፉ እንደ ተቃጠለ ጠቁሮ ከታጠፈ፣ ከጠቆረበት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ደህናው ላይ ቁረጡ፤ መቀሱንም ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ።