ያልተቆረጠች ክንፍ

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከጣና ቆሮሶና አምባዛ ሲወጣ እያየሁ፣ ከፍ ስልም እኔው ራሴ እያወጣሁ ስላደግሁ፣ መንጠቆ ውስጥ የገባን ዓሣ መልሶ መልቀቅ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጥቅምት ወር ገና ሳይነጋ ወደ ስካጊት ወንዝ ይዞኝ ሄደ። ስካጊት አምስቱም የፓስፊክ ሳልሞን ዓይነቶች እንቁላል ለመጣል ከባሕር የሚመጡበት ወንዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ከዋና ዋና ገባሮቹ ጋር በፌዴራል ሕግ ይጠበቃል። ከላይ ያሉት ግድቦች ለሲያትል መብራት ስለሚሰጡ፣ ልጆቼ ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን በከፊል ከዚሁ ወንዝ እንደሚመጣም ያወቅሁት በዚያ ጉዞ ነው።

እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ክሩ በድንገት ተወጠረ። ከብዙ ትግል በኋላ ጎኗ እንደ ብር የሚያበራ ኮሆ ሳልሞን እግሬ ሥር ደረሰች። እንደ ልማዴ ወደ ዳር ላወጣት ስል ባልደረባዬ ክንዴን ይዞ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጀርባዋን እይ» አለኝ። ወደ ጅራቷ ጠጋ ብላ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ለስላሳ ክንፍ አለች። በማራቢያ ጣቢያ ከሚፈለፈሉት አብዛኞቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ይህች ክንፍ ትቆረጥባቸዋለች፤ ክንፏ ያልተቆረጠች ግን እዚያው ወንዝ ውስጥ እንደተፈለፈለች ስለሚታሰብ፣ በዚያ ዓመት ደንብ መለቀቅ ነበረባት። የምትለቀቅን ሳልሞን ለፎቶ እንኳ ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከውኃ ማውጣት ክልክል ነው።

አልዋሽም፣ ከፋኝ። በእጅ የገባን ሲሳይ መልቀቅ ግፍ መስሎ ታየኝ። መንጠቆው በሕጉ መሠረት ወደ ኋላ የሚይዝ ሹል ስላልነበረው በቀላሉ ወለቀ፤ በአንድ እጄ የጅራቷን ሥር ይዤ፣ በሌላው ሆዷን ደግፌ አፏን ወደ ወንዙ ላይኛው አቅጣጫ አዞርኳት። ስንጥቧ ሲከፈትና ሲዘጋ ጥቂት አየሁ፤ ከዚያ ጅራቷ ጠነከረብኝና ተስፈንጥራ ሄደች።

እንስቷ ኮሆ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ እንቁላል ጥላ እንደምትሞት፣ የምትጥለውም በሺህ የሚቆጠር መሆኑን ባልደረባዬ ያስረዳኝ ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ አካባቢ የሚገኘው ቺኑክ ሳልሞን እ.ኤ.አ. በ1999 የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። ደንቡ በዛብን የሚሉ ወገኖቼን እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከዚህም በላይ ቢጠብቅ እደግፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ክንፏ የተቆረጠ ኮሆ ያዝኩ፤ ሕጉ እንደሚያዘውም ወዲያውኑ በማጥመጃ ካርዴ ላይ መዘገብኳት። ማታ ባለቤቴ እንደ ባሕር ዳሩ ዓሣ ጉላሽ ልትሠራባት ቢላዋ ስታነሣ ልጄን ጠርቼ፣ ክንፏ የነበረበትን፣ ቆዳው ሽሮ የለሰለሰውን ቦታ በጣቷ አስዳሰስኳት።