ሺቡሳዋ ላይ ያሳለፍኳቸው ሁለት ባቡሮች

"ማኬናይዴ" የተባለውን የጃፓን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት ያለ ግጥም ነው። ለአጭር ሥልጠና ጃፓን በቆየሁበት ወቅት፣ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ በማለዳ ከቶኪዮው ሺንጁኩ በኦዳክዩ የባቡር መስመር ተሳፍሬ ሺቡሳዋ ጣቢያ ወረድኩ፤ ቶኖዳኬ ተራራን ልወጣ። የጫማዬን ማሰሪያ ሳጠብቅ ቀጣዩ ባቡር መቃረቡን የሚያበስር ዜማ ተለቀቀ። በጃፓን ጣቢያዎች ዜማ መስማት ብርቅ አይደለም። ይኼኛው ግን ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሲያበቃ እኔ ውስጥ አላበቃም። እግርን "ተነሺ" የሚል ዜማ ነው።

ወደ ተራራው ግርጌ፣ ወደ ኦኩራ በሚሄደው አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ቆመው ነበር፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ በትር የያዙ። ዜማውን አንጎራጎርኩላቸውና ወደ ጣቢያው ጠቆምኩ። ፊታቸው በራ። "ማኬናይዴ!" አሉኝ። ቀሪውን በስልካቸው መተርጎሚያ ነገሩኝ። ዛርድ የተባለው የጃፓን ባንድ ዘፈን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ ከ1.6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ግጥሙን የጻፈችውና የዘፈነችው ኢዙሚ ሳካይ ያደገችው እዚሁ፣ ሺቡሳዋ ባለችበት በሃዳኖ ከተማ ነው። ቴሌቪዥን ላይ እምብዛም የማትታይ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 በ40 ዓመቷ አረፈች፤ ያደገችበት ከተማ ጣቢያም ዜማዋን ያሰማል።

ቃሉን መተርጎሚያው "አትሸነፍ" ብሎ አወጣው። አልተዋጠልኝም። "አትሸነፍ" ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነው፤ ይህ ዜማ ግን ከጎን ሆኖ ክንድ የሚይዝ ነው። ጥቂት ቀርቷል፣ እስከ መጨረሻው ሩጪ፣ ብንራራቅም ልቤ ካንቺ ጋር ነው ይላል። በእኛ ቋንቋ ይኼ "አይዞሽ" ነው። ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም።

ቶኖዳኬ 1,491 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ቁጥሩ አታለለኝ፤ ሰፈሬ ከዚያ በብዙ ይበልጣላ! ነገር ግን ከኦኩራ የሚነሳው መንገድ ወደ 1,200 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፤ አብዛኛው የእንጨት ደረጃ ነው፤ ማለቂያ የለውም። ተራራ ወጪዎች "የሞኝ ሸንተረር" የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ቁጭ ባልኩበት እኚያው እናት ደረሱብኝና ብርቱካን ልጠው እያካፈሉኝ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

"ኢትዮጵያ።"

ብርቱካኑን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። "አበበ!"

በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። እሳቸው ግን ሰዓቱን አላነሱም። ያልረሱት ከገባ በኋላ ያደረገውን ነው፤ ሌላው ሲወድቅ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። እዚያው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እንዴት እንዳደረገ አሳዩኝ። የአባቴ ትውልድ የሚተርከውን ሩጫ በአንድ ጃፓናዊት እናት ክንድ ላይ አየሁት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ "ማኬናይዴ"ን ማንጎራጎር ጀመሩ። በየዓመቱ በሚተላለፈው የ24 ሰዓት የበጎ አድራጎት ዝግጅት ላይ ሯጩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አገሩ በሙሉ አብሮ ይዘፍነዋል አሉኝ። ግጥሙን ስለማላውቅ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ይዤ ተከተልኳቸው። ደረጃውን በእሷ ወጣሁት። አናቱ ላይ ፉጂ ተራራ ጥርት ብሎ ቆሞ ነበር።

ማታ ሺቡሳዋ ተመልሰን ተሰነባበትን። ዜማው ተሰማ፤ ባቡሬም መጣ። አልተሳፈርኩም። የሚቀጥለውም መጣ፤ እሱንም አሳለፍኩት።